የፋራሎን ደሴቶች አይጥ፦ መርዙ ይበተን ወይስ ይቅር?

ኦክላንዴው፦ ትናንት አንዱ እዚህ ስለ ፋራሎን ደሴቶች «ሰው የማይኖርበት ድንጋይ ላይ መርዝ ቢበተን ምን አገባን?» ብሎ ጽፏል። ደሜ ነው የፈላው። ከጎልደን ጌት 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቁም የሳን ፍራንሲስኮ መሬት ናቸው። አይጡን ለማጥፋት ከሄሊኮፕተር ሊበተን የታሰበው ብሮዲፋኩም የሚባለው የአይጥ መርዝ ደግሞ ካሊፎርኒያ ራሷ በፈረንጆቹ 2020 ሕግ አውጥታ አብዛኛውን አጠቃቀሙን ያገደችው ነው።

መርከበኛው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አይጡ ካልጠፋ አመድማዋ ስቶርም ፔትረል የምትባለው የባህር ወፍ አለቀላት፤ ከዓለም ግማሽ ያህሏ እዚያ ነው የምትፈለፍለው።

ሰላም፦ አይጥ ወፏን ይበላል እንዴ?

መርከበኛው፦ ጉጉቱ ነው የሚበላት፣ እህቴ። በመጸው ሲያልፍ ደሴቱ አይጥ ሞልቶት ያገኝና እዚያው ይቀራል። በብርዱ ወራት አይጡ ሲመናመን ወደ ወፏ ይዞራል። ድንጋዩ ላይ ክንፏ ብቻ ተጥሎ ይገኛል።

ኦክላንዴው፦ ታዲያ ጉጉቱን ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ አይሻልም? አላስካ ውስጥ ራት አይላንድ የተባለው ደሴት ላይ በ2008 ይኸው መርዝ ተበትኖ ከ40 በላይ ንስር ሞቷል። ንስሩም «ምን አገባን» ነው?

መርከበኛው፦ አላስካን ስትጠራ አናካፓ ደሴትን ለምን ዘለልካት? እዚሁ ካሊፎርኒያ በ2001 እና በ2002 ተበትኖ አይጠ መጎጡ ጠፋ፣ የባህር ወፎቹ አገገሙ።

ደርባባ፦ «ምን አገባን» የሚባለው ነገር እኔንም አሞኛል። አይጡን ያደረሰው የሰው መርከብ ነው። በወርቅ ፍለጋው ዘመን የከተማዋ ነጋዴዎች የወፎቹን እንቁላል እየለቀሙ ሲሸጡ፣ በ1863 በዚሁ ሽሚያ ተታኩሰው ሰው ሞቷል። እንዴት ነው የማያገባን?

መርከበኛው፦ እንግዲያው ከእኔ ጋር ነሽ። ያበላሸ ያጽዳ!

ደርባባ፦ አይደለሁም። ማጽዳት ሌላ፣ መርዝ ሌላ።

የዴንቨሩ፦ የካሊፎርኒያ የባህር ዳርቻ ኮሚሽን በ2021 መጨረሻ 5 ለ 3 አጽድቆታል። አለቀ።

ኦክላንዴው፦ አንድ ሰው ድምፁን ቢቀይር እኮ 4 ለ 4 ነበር። ደግሞ አንተ ተራራ ላይ ተቀምጠህ ነው «አለቀ» የምትለን? ከዚህ ውሃ ዓሣ የምንበላው እኛ ነን።

የዴንቨሩ፦ ዴንቨር የሚኖር ሰው ሐሳብ አይሰጥም ያለው ማነው?

መርከበኛው፦ ዓሣውን ተወው፣ መርዙ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ሲጋል የሚባሉትን የባህር ወፎችም መርዙን እንዳይበሉ በድምፅና በሌዘር ያርቋቸዋል።

ኦክላንዴው፦ በሺዎች የሚቆጠር ሲጋል ነው የምታርቀው? መርዙን የበላ ወፍ እዚያው አይሞትም፤ ቀናት ይወስድበታል። እስከዚያ በርሮ እኛ ወደብ ላይ ነው የሚወድቀው። ያኔም «ምን አገባን» በለኝ።