ሁለት ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና)፣ ሁለቱም «ኔክሮሲስ (የሞተ ሥጋ) ብቻ»፤ ነገ ናሙናውን እንዴት ልውሰድ?

ጠያቂ፦ አስቸኳይ ነው፣ እባካችሁ። ታካሚዬ የ42 ዓመት ሰው ነው፣ የግራ አፍንጫው ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ ይደማል፣ ይሸታል፣ አሁን ላንቃው ተበስቷል። ባዮፕሲ ሁለቴ ተልኮ «የሞተ ሥጋና መቆጣት፣ ካንሰር አልታየም» ተባለ። ነገ ጠዋት እደግማለሁ። ፊቱ እያበጠ ስለሆነ እስከዚያ ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) ልጀምር? አንቲባዮቲክስስ የቱ ይሻላል?

ሚኪ፦ ስኳር አለበት? ኤችአይቪስ? ሙኮር (አፍንጫና ፊትን የሚያጠቃ ፈንገስ) ቢሆንስ? ይህን ሳትነግረን አንቲባዮቲክ ትጠይቃለህ!

ኦንኮ ነርስ፦ ፕሬድኒሶሎን እንዳትሰጥ! ሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) ከሆነ እብጠቱ ለጊዜው ይሟሽሽና ባዮፕሲው ለሦስተኛ ጊዜም ባዶ ሊመጣ ይችላል።

ከአንገት በላይ ሐኪም፦ ሙኮር አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ነው የሚጨርሰው፣ ወራት መቆየቱ ብርቅ ነው። ይህ የአፍንጫ ኤንኬ/ቲ ሴል ሊምፎማ (ኤንኬ ወይም ቲ ከሚባሉ የመከላከያ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ይመስላል። ሴሎቹ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብተው ስለሚዘጉት መሀሉ ብዙ ጊዜ የሞተ ነው፤ ከመሀል ከቆረጥክ የሚመጣልህም ያው ኔክሮሲስ ነው። ቅርፊቱን በሳላይን አርሰህ አንሳ፤ ከጠርዙ፣ የሚደማ ሥጋ እስክታገኝ ጠልቀህ 5 ወይም 6 ቁራጭ ውሰድ። በፎርሴፕስ አትጭመቀው፣ ሴሎቹ ተጨፍልቀው አይነበቡም። 10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከናሙናው 10 እጥፍ። አንዱን ቁራጭ ግን ለፈንገስ፣ ለቲቢና ለሌሽማንያ በስቴራይል ሳላይን ላክ።

የፓቶሎጂ ሰው፦ «የአፍንጫ ቁስል» ብቻ ተብሎ የሚላክ ወረቀት ይቅር። ጥርጣሬህን ጻፍ፤ ሲዲ3፣ ሲዲ56፣ ሲዲ20፣ ግራንዛይም ቢ (የሴሉን ዓይነት የሚለዩ ማቅለሚያዎች) እና ኢበር (ኤፕስታይን-ባር ቫይረስን በሴሎቹ ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ጠይቅ። ሲዲ56 ኔጌቲቭ ቢሆን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ኢበር ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ምርመራውን ራሱ ተጠራጠር። የቀድሞዎቹ ባዮፕሲዎች የሰም ብሎኮችም እንደገና ይታዩ።

ሚኪ፦ ሊምፎማ ከተባለ ያው ቾፕ (የተለመደው የሊምፎማ ኬሞ) ነው።

ኦንኮሎጂ፦ አይደለም ወንድሜ። እነዚህ ሴሎች ፒ-ግላይኮፕሮቲን (መድኃኒት ከሴል የሚያስወጣ ፕሮቲን) ስላላቸው ቾፕ ውስጥ ያሉትን ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲንን ወደ ውጭ ይገፋሉ። በሽታው አፍንጫ አካባቢ ብቻ ከሆነ ዋናው ጨረር ነው፣ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እና ከዚያ በላይ፣ አስፓራጅኔዝ (ሴሎቹ የሚፈልጉትን አስፓራጅን የሚያጠፋ ኢንዛይም) ካለበት ኬሞ ጋር። ፓቶሎጂው እንደጸና የጨረር ወረፋ አስይዙ፤ ወረፋው ነው ሰው የሚገድለው። ስማይል የሚባለው የኬሞ ጥምር ከፍተኛ መጠን ሜቶትሬክሴት ስላለው፣ የደም ደረጃውን መለካት ካልተቻለ አይሞከርም፤ ጄምሲታቢን፣ ኦክሳሊፕላቲንና አስፓራጅኔዝ ይሻላል። አስፓራጅኔዝ ሲሰጥ ለከባድ አለርጂ አድሬናሊን አጠገብ ይሁን፤ ፋይብሪኖጅን (ለደም መርጋት)፣ ሊፔዝ (ለቆሽት) እና የጉበት ምርመራ እየታየ ይቀጥላል።

ሰላም፦ ተብሏል ግን ልድገመው፣ ፕሬድኒሶሎን የለም።

ጠያቂ፦ ስኳር የለበትም፣ ኤችአይቪ ኔጌቲቭ። ግን ሌላ ክሊኒክ ፕሬድኒሶሎን ሰጥተውት 5 ቀን ወስዷል።

የፓቶሎጂ ሰው፦ ይሄ እኮ መጀመሪያ የሚነገር ነው! አሁኑኑ ይቁም፣ ወረቀቱ ላይም ጻፈው። ነገ ውሰድ፤ ኔጌቲቭ ከመጣ ግን አትመነው፣ እብጠቱ ሲመለስ ድገም። ለመሆኑ የት ከተማ ነህ? ኢበር የት ልታሠራ አስበሃል?