ለግል የጀልባ ማቆሚያችን የትኛው ማንሻ ይሻላል?

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሐይቅ ዳር ላለን የግል ማቆሚያ የጀልባ ማንሻ (ጀልባዋን ከውኃው በላይ አንሥቶ የሚያቆይ መሣሪያ) ለመግዛት ፈልገን መወሰን ስለተሳነን፣ ልምዱ ያላችሁ እንድታማክሩን በትሕትና እንጠይቃለን። ጀልባችን ባዶዋን 1,100 ኪሎ ግራም ስትመዝን፣ 120 ሊትር ቤንዚን፣ ባትሪና ዕቃ ሲጨመር 1,250 ማለፏ አይቀርም። የውኃው ጥልቀት በፀደይ ደረት ይደርሳል፤ ነሐሴ ላይ ግን ወደ ጭን ይወርዳል፤ ታቹም እግር የሚውጥ ጭቃ ነው። ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚያነሣው ዓይነት ለዝቅተኛ ውኃ የሚስማማና ቀለል ያለ ቢሆንም ከፍታው ውስን ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚያነሣው ደግሞ ከፍ ቢያደርግም ይከብዳል። ሐይቁ በረዶ ከመሥራቱ በፊት ማንሻውን በየዓመቱ ማውጣት ግድ ስለሆነ (ጉልበት ያለን ደግሞ እኔና ወንድሜ ብቻ ነን) ክብደቱ ያሳስበናል። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጡልናላችሁ? የማንሻው እግሮች ጭቃው ውስጥ እንዳይሰምጡስ ሰፋፊ መርገጫ ብቻ ይበቃል?