አዲሱ የሰፈር በርገር ቤት፦ መጀመሪያ ምን እንዘዝ?

ጥያቄ (የሆጤ ነዋሪ)፦
ደሴ፣ ሆጤ ሰፈራችን አዲስ በርገር ቤት ተከፍቷል። ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ሴት ልጃችን ጋር ልንሞክረው ነው። ምን ብናዝ ቤቱን በደንብ እናውቀዋለን? ሥጋው መብሰሉንስ በምን እንለያለን? እናቴ ጾም ላይ ናቸው፣ አብራን የምትመጣው ጎረቤታችን ደግሞ ሙስሊም ናት።

መልስ (ምጣድ ላይ ያለሁ)፦
መጀመሪያ ኖርማሉን እዘዙ። ስፔሻሉ ላይ እንቁላል፣ ሞርታዴላና ማዮኔዝ ሲደራረብ የሥጋው ጉድለት ይሸፈናል። ጥሩ የበርገር ሥጋ ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ነው፤ ቀይ ሥጋ ብቻ ከተፈጨ ይደርቃል። ፍሪምባ ይቀላቅሉ እንደሆነ ጠይቁ። ሲታኘክ እንደ ላስቲክ የሚመለስ ከሆነ ጨው ገብቶበት ብዙ ታሽቷል ማለት ነው፤ ጨው የሚነሰነሰው ሥጋው ምጣድ ላይ ሊደረግ ሲል ነው። ምጣዱ ከታያችሁም የጠባሹን እጅ ተመልከቱ፦ ሥጋው መብሰል ከጀመረ በኋላ በመገልበጫ እየተጫነ የሚጠብስ ሰው ጭማቂውን እያፈሰሰው ነው።

መልስ (የምግብ ደህንነት)፦
ለልጅቷ አደራ! ክትፎ ጥሬውን እንበላለን ብላችሁ በርገሩን እንዳታቃልሉት። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ደግሞ ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ክፉኛ ይጎዳል፣ ኩላሊት ድረስ። የበርገሩ መሃል 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌላቸው የልጅቷን በርገር መሃል ለመሃል ቁረጡት፤ ቀዝቀዝ ካለ ወይም ቀይ ከሆነ መልሱት። ቡናማ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ ስለዚህ ለእሷ ስስ ተደርጎ በደንብ ይብሰል በሉ። መብራት ሲጠፋ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሥጋም አለ፤ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው አትቅመሱት።

መልስ (ሸዋ በር)፦
እህቴ፣ የሙስሊም ሥጋ መሆኑን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ደሴ ላይ ይህን መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም። ቤከን ካለ ከምን እንደተሠራም ይነገራችሁ። ለእናትሽ የምስር ወይም የሽምብራ በርገር ካላቸው ሁለት ነገር አጣሪ፦ ከሥጋው ጋር በአንድ ምጣድ ይጠበሳል ወይ፣ ዳቦውስ ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል አለበት ወይ? ማዮኔዝም እንቁላል ስላለበት ይቅርባቸው፤ በካቻፕና በሰናፍጭ ይበሉ።

ጥያቄ (የሆጤ ነዋሪ)፦
እግዜር ይስጥልኝ! ጠቅልለን ቤት ብንወስደውስ?

መልስ (ምጣድ ላይ ያለሁ)፦
ለመጀመሪያው ቀን እዚያው ብሉ። ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እንፋሎቱ ዳቦውን ያርሰዋል፣ ችፕሱም ይልፈሰፈሳል። የግድ ከሆነ በወረቀት ይጠቅለል፤ ሶሱና ሰላጣው ለብቻ፣ የችፕሱ አፍ ክፍት ይሁን። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ።