በተለያዩ የሥራ ክፍሎች የኬሚካል ተጋላጭነትን ከየት ጀምረን እንለካ?

ጥያቄ፦ በአንድ የቀለም ማምረቻ ፋብሪካ የሠራተኞችን ደኅንነት እከታተላለሁ። በመቀላቀያ፣ በመሙያ፣ በማጠቢያና በጥገና ክፍሎች የሚሠሩ ከ60 በላይ ሰዎች ቶሉይን ለተባለው አሟሚ ኬሚካል ይጋለጣሉ። ሁሉንም ለመለካት አቅም ስለሌለን ከየት መጀመር እንዳለብን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ሠራተኞቹን በሥራ መደብ ስማቸው ሳይሆን በሚያከናውኑት ተግባር፣ በሚጠቀሙት ኬሚካልና በክፍሉ የአየር ዝውውር ተመሳሳይ የሆኑትን በአንድ ምድብ ያሰባስቧቸው። ከዚያም ከየምድቡ ለተመረጡት የአየር ናሙና መሰብሰቢያ መሣሪያ አንገትጌያቸው ላይ፣ ከአፍንጫና ከአፍ በ30 ሳንቲ ሜትር ክልል ውስጥ አስረው ፈረቃውን ሙሉ ይለኩ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መለኪያ ሰው የሚተነፍሰውን አይነግርዎትም። በአውሮፓው ኢኤን 689 መስፈርት መሠረት፣ ከአንድ ምድብ የተወሰዱ 3 ውጤቶች ሁሉም የተፈቀደውን ገደብ አንድ አሥረኛ (10 በመቶ) እንኳ ካልሞሉ ምድቡ ገደቡን እንዳከበረ ይቆጠራል።

መልስ 2፦ እኔን የሚያሳስበኝ የማጠቢያው ክፍል ነው። በርሜል ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ለ10 ደቂቃ የሚፍቅ ሠራተኛ የ8 ሰዓት አማካዩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ያን ተግባር ለብቻው በ15 ደቂቃ ናሙና ይለኩት። ቶሉይን በቆዳም ይገባልና ጓንታቸውንም አይርሱ፤ እኛ የነቃነው የጓንቶቹ ጣት ጫፍ አብጦና ለስልሶ ስናገኘው ነበር።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጥገና ሠራተኞቹ ግን በየቀኑ ክፍል ስለሚቀያይሩ በየትኛው ምድብ ላስገባቸው?

መልስ 1፦ ለብቻቸው ይመድቧቸው፤ የየዕለት ተግባራቸውንም ከነሰዓቱ ያስመዝግቡ።