የአይጦቹን ኬጅ እንዴት ልከፋፍል? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እያዘጋጀሁ ነው። አንቲባዮቲክ የአንጀት ባክቴሪያን ሲቀንስ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ምን እንደሚሆኑ በአይጦች ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

ግራ ያጋባኝ የኬጁ ጉዳይ ነው። አይጦች አንዱ የሌላውን ሰገራ ይበላሉ፤ አብረው የሚያድሩት ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል። ታዲያ ለአንዱ ኬጅ መድኃኒት፣ ለሌላው ንጹህ ውሃ ብቻ ብሰጥ፣ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ይምጣ ከኬጁ በምን አውቃለሁ? ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ የባክቴሪያ ዓይነት መኖር አለመኖሩ ብቻ በአይጥ አንጀት ውስጥ ያሉትን የቲኤች 17 ሴሎች (አንድ ዓይነት የበሽታ መከላከያ ሴሎች) ብዛት ይለውጣል።

ቦታ ያለኝ ለስድስት ኬጅ ነው። የአንድ እናት ልጆችን ለሁለቱም ቡድን ባካፍል፣ ከመጀመሬ በፊት ደግሞ ባክቴሪያቸው እንዲመሳሰል የኬጆቹን ጉዝጓዝ ባቀያይር ይበቃል? በስሌቱ ላይ እንደ አንድ መቆጠር ያለበት እያንዳንዱ አይጥ ሳይሆን እያንዳንዱ ኬጅ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ለአንድ ቡድን ሦስት ኬጅ አያንስም? ወይስ ሙከራውን በሌላ ዙር ልድገመው?

መብራትም ያሳስበኛል። ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ናሙና ይቀልጣል። ሰገራውን በ95 ፐርሰንት ኤታኖል ባቆየው ለዲኤንኤ ሥራ ይሆናል? በእጃችሁ የሠራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ። አይጦቹ ከመምጣታቸው በፊት ዕቅዱን መጨረስ አለብኝ።