የካዲላክ ቪ-8 ወይስ የፓካርድ ስምንት በመስመር፦ ሰብሳቢ ሞተሩን ምን ያህል ያያል?

ጠያቂ፦ መስመር ስምንት
ጤና ይስጥልኝ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። የ1949 ካዲላክ አዲሱ ቪ-8 ሞተር (ስምንቱ ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ በV ቅርጽ የቆሙበት) 331 ኪዩቢክ ኢንች (5.4 ሊትር ገደማ) ሲሆን 160 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚያው ጊዜ ትልቁ ፓካርድ የያዘው፣ ስምንቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት የ356 ኪዩቢክ ኢንች ሞተርም ጉልበቱ ያው 160 ነው፤ ክራንክሻፍቱ (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) በዘጠኝ ዋና ብሮንዚናዎች፣ ማለትም በሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች፣ ላይ ስለሚያርፍም እጅግ ለስላሳ ሆኖ ይሠራል። ጉልበታቸው እኩል ከሆነ የካዲላኩ ብቻ እንደ ታላቅ ለውጥ የሚነገርለት ለምንድን ነው? ሰብሳቢዎችስ መኪና ሲመርጡ ለሞተሩ ምን ያህል ቦታ ይሰጣሉ?

መልስ፦ ቴስታታ
ቁጥሩ እኩል ቢሆንም ሁለቱ ሞተሮች የቆሙት በተለያየ የዕድሜ ደረጃ ላይ ነው። በፓካርዱ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ስለሆኑ ነዳጅና አየሩ ተጠማዝዞ ይገባል፤ የሚቃጠልበት ክፍልም ወደ ጎን ስለሚሰፋ እመቃውን (ነዳጅና አየሩ ከመቃጠሉ በፊት የሚጨመቅበትን መጠን) ብዙ ከፍ ማድረግ አይቻልም። በካዲላኩ ግን ቫልቮቹ ከፒስተኑ በላይ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ውስጥ ናቸው፣ ክፍሉም የተሰበሰበ ነው፤ እመቃው 7.5 ለ 1 ሆኖ ሲጀምር መሐንዲሶቹ የነዳጁ ጥራት ሲሻሻል ከዚያም በላይ እንዲወጣ ቦታ ትተውለት ነበር። የሲሊንደሩ ስፋት ከፒስተኑ ምልልስ ይበልጣል፤ የፒስተኑ የታችኛው ጠርዝም ተቆርጦ ለክራንክሻፍቱ ሚዛን ክብደቶች መንገድ ስለሚሰጥ ብሎኩ አጭርና ቀላል ሊሆን ችሏል። ከእርሱ በፊት ከነበረው 346 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ክብደቱ ወደ 90 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሷል። በ1950 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የ«ለ ማን» የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ የተወዳደሩት ሁለት ካዲላኮች 10ኛና 11ኛ ወጥተዋል፤ ለከባድ የቅንጦት መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፓካርድ የመስመር ስምንቱን እስከ 1954 ይዞ ቆየ፤ የመጨረሻው 359 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር 212 የፈረስ ጉልበት ቢደርስም ገበያው አስቀድሞ ወደ ቪ-8 ዞሮ ነበር።

መልስ፦ ክሮም
በቴስታታ ማብራሪያ እስማማለሁ፤ የሰብሳቢው ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። የ1953 ካዲላክ ኤልዶራዶ የተሠራው 532 ብቻ ሲሆን ሞተሩ በዚያ ዓመት ሌሎቹ ካዲላኮች የያዙት ያው 331 ነው፤ ተፈላጊ ያደረገው ጥቂት መሆኑና የሚታጠፍ ጣሪያው ነው። በ1957 እና በ1958 በድምሩ 704 የተሠራለት ኤልዶራዶ ብሮም ደግሞ የተለየ ፈተና ነበረበት፤ የአየር ሳስፔንሽኑ (መኪናውን በሞላ ፈንታ በታመቀ አየር ተሸክሞ የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝበው ክፍል) አየር ስለሚያፈስ ብዙ ባለቤቶች አውጥተው በሞላ ተክተውታል፤ ስለዚህ ያ ሥርዓት ሳይነካ የሚሠራበት መኪና ይበልጥ ይከበራል። ሞተሩ ራሱ ስም የሆነበት ግን አለ፤ የ1955 ክራይስለር ሲ-300 ስሙን ያገኘው ከ300 የፈረስ ጉልበቱ ነው። እኔ በግሌ የፓካርዱ ጸጥታ ከዚህ ሁሉ ይማርከኛል፤ ከሞተሩ ይልቅ የመንገዱ ድምፅ የሚሰማበት መኪና ነው።

ጠያቂ፦ መስመር ስምንት
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው የ1949 ካዲላክ ሞተሩ በኋላ በመጣው፣ በተሻለው የካዲላክ 390 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ቢቀየር ዋጋው ይቀንሳል ማለት ነው?

መልስ፦ ቴስታታ
ለመንዳት ብቻ ከሆነ አይጎዳዎትም፤ ለሰብሳቢ ግን ይቀንሳል። በእነዚያ ዓመታት ካዲላክ የመኪናው መለያ አድርጎ የሚጠቀመው የሞተሩን ቁጥር ስለነበር፣ ብሎኩ ሲወጣ የመኪናው ማንነትም አብሮ ይወጣል። ከመግዛትዎ በፊት ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሻሲው (የመኪናው አጽም) ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። የቆየው ሞተር ቢደክም እንኳ አይጣሉት፤ ሰነዱ የሚጠቅሰው እርሱን ነው።