ኬፒ 8 ሲል ከሱሉልታ የሰሜን ብርሃን ይታያል?

ሱሉልታ መግቢያ፦
ሰላም ወገኖች። የኦሮራ (የሰሜን ብርሃን) አፑ ከቀትር ጀምሮ «ኬፒ 8፣ ከፍተኛ ዕድል» እያለ ይጮኻል። ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆንን የከተማው መብራት በተራራው ተጋርዷል፣ በሰሜን በኩል ሜዳው ክፍት ነው፣ ደመናም የለም። የጎረቤት ልጆች «ግንቦት 2016 ላይ ሜክሲኮ ታይቶ የለ፣ እኛ ምን ይለየናል?» ብለው ይዘውኛል። ምን ምን ሲሟላ ነው ውጡ የምላቸው? ለዓይን ባይታይ ካሜራ ይይዘዋል? ታኅሣሥ ላይ ኖርዌይ የሚሄድ ዘመድም አለ፤ ለእሱ የሚሆን ምክር ካላችሁ አክሉበት።

መርፌው፦
ኬፒ 9 ቢልም ከዚህ አይታይም፤ ልጆቹን ለብርድ አትዳርጋቸው። ኬፒ የምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደተናወጠ የሚያሳይ፣ ለመላው ዓለም በየ3 ሰዓቱ የሚወጣ ከ0 እስከ 9 የሆነ አንድ ቁጥር ነው። አፑ የጮኸው ቁጥሩ ከተሞላለት ወሰን ስላለፈ እንጂ አንተ የት እንዳለህ አይቶ አይደለም።

የሚወስነው ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ ያለህ ርቀት ነው፤ ያ ወገብ ደግሞ የሚያልፈው እዚሁ አዲስ አበባን ታክኮ ነው። መግነጢስ የሆነች መርፌ መሃሏን በክር ብታንጠለጥል እዚህ አግድም ትቆማለች፤ ሰሜን ኖርዌይ ያለችው ትሮምሶ ላይ ጫፏን ወደ መሬት ትደፋለች። ኦሮራን የሚያበሩት ቅንጣቶች የሚወርዱት መርፌዋ የምታሳየውን መስመር ተከትለው ነው። እኛ ጋ መስመሩ ከመሬት ጋር ትይዩ ስለሆነ የሚወርዱበት መንገድ የለም።

ሜክሲኮን በተመለከተ፣ የምድር መግነጢሳዊ ዘንግ ወደ ሰሜን አሜሪካ ያዘነበለ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ በካርታ 19 ዲግሪ ላይ ብትሆንም በመግነጢስ ስሌት ወደ 28 ትጠጋለች። እኛ በካርታ 9 ነን፣ በመግነጢስ ግን ዜሮ አካባቢ።

«አድማስ ላይ ከሩቅ ቢታይስ?» ለሚል ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። አረንጓዴው የሚበራው ከ100 እስከ 150 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ነው፤ ከሩቅ የሚታየው ቀዩ ነው፣ እሱም 400 ኪ.ሜ. ገደማ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ያለ ነገር አድማስን ነክቶ የሚታየው እስከ 2,250 ኪ.ሜ. ርቀት ድረስ ነው። እንጦጦ ጫፍ ብትወጣ ቢበዛ 200 ኪ.ሜ. ይጨምርልሃል። ስለዚህ ቀዩ ብርሃን ካይሮ አናት ላይ መንደድ አለበት፤ ያኔም የምታየው አቧራና ጭጋግ በሞላበት የአድማስ ጠርዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ኦሮራን ኩባ ድረስ ያሳየው የመግነጢስ ማዕበል ቢደገም እንኳ እዚህ ተስፋ አላደርግም።

የጫንጮ ሜዳ፦
መርፌው ትክክል ነው፤ የካሜራውን ጥያቄ ግን እኔ ልመልስ፤ በየጊዜው «ኦሮራ ያዝኩ» የሚል ፎቶ የሚለጠፈው ከዚህ ነው። ጨለማ ቦታ ላይ ካሜራን 20 ሰከንድ ክፍት ብታደርገው ሰማዩ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህ የከባቢ አየሩ የራሱ ደካማ ብርሃን ነው፣ ኤርግሎው ይሉታል። ቀን በፀሐይ የተሰነጣጠቁ አተሞች ሌሊት ሲገጣጠሙ ይበራል፤ ኬፒ 1 ሲሆንም አለ። ከአድማስ በላይ 10 እና 15 ዲግሪ ላይ ይደምቃል፣ እንደ መጋረጃ ግን አይወዛወዝም። ብርቱካናማ ሆኖ ከደመና ሥር ከተንጠለጠለ ደግሞ የመንገድ መብራት ነው፤ ብዙ አትድከም።

የሰሜን አድማስህን የምትፈትነው በሰሜን ኮከብ ነው። ከእኛ ሰፈር የሚቆመው 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ ክንድህን ዘርግተህ ጭብጥህን አድማሱ ላይ ብታሳርፍ ልክ በጭብጡ ላይኛ ጫፍ። እሱ ካልታየህ ጭጋግ አለ ማለት ነውና ካሜራህን ከቦርሳው አታውጣ።

ልጆቹ ተስፋ ካደረጉ አይቀር የዞዲያክ ብርሃንን አሳያቸው። ፀሐይ ከጠለቀች ከ75 ደቂቃ በኋላ፣ ማለትም ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ምዕራብ ላይ ሾጠጥ ያለ ነጭ ጭጋግ ከአድማስ ተነስቶ ወደ ላይ ይዘልቃል። በፕላኔቶች መካከል ያለ አቧራ የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ ነው። በዚያ ሰዓት ጨረቃ መኖር የለባትም፤ ሙሉ ከሆነች በኋላ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ከ5 ቀን በኋላ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ጨለማ ታገኛለህ። አድማሱ ከጥቅምት እስከ ጥር ንጹሕ ነው። ክረምቱን ተወው፣ በልግም ደመና ያበዛል። እናንተ ጋ የፋብሪካ መብራት ካስቸገረ በጎጃም መንገድ ጫንጮን አልፎ መቆም ይሻላል፤ ቀድሞ ለአካባቢው ሰው መንገር ነው እንጂ በሌሊት ሜዳ ላይ የቆመ መኪና ማንንም ያስጠረጥራል።

ከትሮምሶ፦
ለኖርዌዩ መንገደኛ፦ እዚያ ከኬፒ ይልቅ ደመና ነው ዋናው ጠላት። ትሮምሶ ኦሮራ አዘውትሮ በሚበራበት፣ የምድርን ሰሜናዊ ጫፍ በከበበው ቀለበት ሥር ስለሆነች ኬፒ 2 ይበቃል፤ ኬፒ 7 ሆኖ ሰማዩ ከተዘጋ ግን ምንም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የደመና ካርታ ያይ። ባሕር ዳር ሲጨፍን ወደ ፊንላንድ ድንበር አንድ ሁለት ሰዓት ቢነዳ ብዙ ጊዜ ይገለጥለታል።

ሁለተኛው ቢዚ የሚባለው ቁጥር ነው፦ የፀሐይ ነፋሱ (ከፀሐይ የሚፈስሰው የቅንጣቶች ጅረት) መግነጢስ ወደ ደቡብ ሲያዞር ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ከ-5 ናኖቴስላ በታች ከቆየ ካፖርቱን ይልበስ። ለቅጽበት -10 ነክቶ የሚመለስ ቁጥር አያታልለው። የሚለካው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ርቀት ባለ መንኮራኩር ነው፤ ነፋሱ በሰከንድ 400 ኪ.ሜ. ከሄደ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ 800 ከሄደ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ከዚያ የረዘመ ማስጠንቀቂያ ግምት ነው።

ታኅሣሥ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ሌሊቱ በደንብ ስለማይጨልም አይሞክር። ስልኩን በትሪፖድ አስሮ ከ3 እስከ 10 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 1600፣ ፎከሱን በእጅ ወደ ሩቅ። ባትሪው በብርድ ስለሚሞት በውስጥ ኪሱ ይያዘው።

ቀያሽ፦
ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበል፦ ማዕበሉ እዚህ ባይታይም ይሰማል። ጂፒኤስ ይዛችሁ መሬት የምትለኩ ካላችሁ፣ በእንዲህ ያለ ቀን በአርቲኬ (የጂፒኤስን ልኬት እዚያው በሴንቲሜትር ደረጃ በሚያርመው ዘዴ) የተወሰደ ነጥብን በታወቀ የመሬት ምልክት ላይ ሳታረጋግጡ አትመኑ። በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ሲግናሉ ያለ ማዕበልም ይንቀጠቀጣል።

ሱሉልታ መግቢያ፦
አመሰግናለሁ፤ አፑን ዘግቻለሁ። ልጆቹ «እሺ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር መቼ ነው የምናየው?» እያሉ ነው።

የጫንጮ ሜዳ፦
ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች አሉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መነሻቸው ከአናት ብዙም አይርቅም። ዓይናቸው ጨለማ እስኪለምድ 20 ደቂቃ ስልክ አያብሩ፤ የግድ ከሆነ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት። ውርጭ ይኖራልና ከሥር ሰሌን ብቻ አይበቃም፣ ፍራሽ አውጡላቸው።